የመሐንዲሱ ልብና የይፋት ቆላ

ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ፥ ጭጋጉ ገለጥ ባለለት ቀን የይፋትን ቆላ ከእግሩ ሥር ተዘርግቶ ያያል። መነሻው ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነ ውርጫም ጫፍ ሲሆን፥ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ከወረደ በኋላ ከፍታዋ ወደ 1,300 ሜትር ከሚጠጋው ከሸዋ ሮቢት ይደርሳል። ጋቢ ደርቦ የተነሣው ሰው ሮቢት የሚገባው በሸሚዝ ነው፤ ገብስና ባቄላ ትቶ ወርዶ ማሽላና ማሾ ያገኛል። በዚህ መንገድ ለሥራ የሚመላለስ መሐንዲስም፥ የያዘው ጉዳይ የድልድይ ምርመራ ይሁን የመስኖ ቦይ ልኬት፥ በቁልቁለቱ ላይ ለጥቂት ጊዜ ልቡ መሸፈቱ አይቀርም። ከወር በኋላ ከተማ ተመልሶ በስሌት ወረቀቱ ላይ ባቀረቀረ ጊዜ፥ የግራሩ ጥላና የሮቢ ወንዝ አሸዋ ሳይጠሩ ይመጡበታል።

እንዲህ ያለው የቁም ሕልም ከመሐንዲስነት ጋር የቆየ ዝምድና አለው። ሙያው ሰውን ገና በወጣትነቱ ወደ ሜዳ ያወጣዋል፤ ድንኳንና እሳት፥ የወንዝ ዳር ሌሊትና የንጋት ወፍ ካስለመደው በኋላ ደግሞ ማዕረግ ጨምሮ ከጠረጴዛ ጋር ያስረዋል። በአካል ታስሮ በልቡ ሜዳ የሚውል የሥራ ባልደረባ በየመሥሪያ ቤቱ አይጠፋም። የይፋት ታሪክም ከዚህ ወገን የሆነ አንድ ሰው ያስታውሳል፤ ይኸውም የሕንድ እንግሊዛውያን መንግሥት በ1841 ወደ ሸዋ ንጉሥ የላከው የቦምቤይ መሐንዲሶች ጓድ ሻምበል፥ ዊልያም ኮርንዎሊስ ሃሪስ ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ስለ እርሱ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው መልእክተኛነቱ ነው። መሐንዲስነቱና ልቡ የሚውልበት ስፍራ ግን በሥራው ላይ የነበራቸው ኀይል ቀላል አልነበረም።

ሃሪስ በ1807 በእንግሊዝ አገር በኬንት ተወለደ። በ1823 ገና የ16 ዓመት ልጅ ሳለ የመኮንንነት ማዕረግ ተሰጥቶት ወደ ሕንድ ተላከ፤ ከዚያም በካንዴሽ፥ ቀጥሎም በዲሳ የሥራ አስፈጻሚ መሐንዲስ ሆኖ አገለገለ። የዚህ ሹመት ዕለታዊ ተግባር የሠራዊቱን ሰፈር ማሳነጽና መጠገን፥ መንገድና መጋዘን ማሠራት፥ ከሁሉም በላይ ደግሞ የወጪ ግምት አዘጋጅቶ ለበላይ ማቅረብና መልሱን መጠበቅ ነበረ። የመጨረሻው ተግባር ምን እንደሚመስል ለማኅበሩ አባላት ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስልም። ሃሪስ ከዚህ ሥራ ያልጎደለ ሰው ነበረ፤ ሹመቱም በየጊዜው እያደገ መሄዱ ይህን ያሳያል። ይሁን እንጂ ስለ ራሱ በጻፈው ጊዜ ያስቀደመው ያነጸውን ሕንፃ ሳይሆን አደኑን ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ወዳጆቹ «የተኩስ ዕብድ» እያሉ ያሾፉበት እንደ ነበረ፥ እርሱም ዕብደቱን ወድዶ የያዘው መሆኑን ያለ ኀፍረት ተናግሯል።

በ1836 የሐኪሞች ጉባኤ ጤናው ታውኳል ብሎ የሁለት ዓመት የሕመም ፈቃድ ሰጠውና ወደ ደቡብ አፍሪቃ፥ ወደ ኬፕ ተላከ። ሐኪሞቹ ያዘዙለት ዕረፍት ነበረ። ሕመምተኛው ግን ገና በመርከቡ ላይ ሳለ ሪቻርድሰን ከሚባል የቦምቤይ ባለሥልጣን ጋር ተማክሮ ጨርሶ ነበርና፥ ኬፕ እንደ ደረሰ በሬ የሚጎትተው ሠረገላ ገዝቶ፥ የብርቱካን ወንዝን ተሻግሮ፥ እስከ ንዴቤሌዎች ንጉሥ እስከ ምዚሊካዚ አገር ድረስ ዘለቀ። ለብዙ ወራት በሠረገላና በፈረስ ላይ መዋል፥ ዝናብና ጥማት፥ የአንበሳ ሌሊት፤ ሐኪም የሚያዝዘው መድኃኒት እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ሃሪስን ግን አዳነው። በ1836 መጨረሻ በማጋሊስበርግ ተራሮች አካባቢ ከአጋዘን ወገን የሆነ፥ ሰውነቱ እንደ ከሰል የጠቆረ፥ ቀንዱ እንደ ጎራዴ ወደ ኋላ የታጠፈ አንድ እንስሳ አገኘ። የተፈጥሮ ሊቃውንት እስከዚያ ዘመን ያላወቁት እንስሳ ነበረ። መሐንዲሱ በቢሮ የተማረውን የንድፍ ጥበብ በዚህ ላይ አዋለው፤ ያደናቸውን እንስሳት እየለካና እየሣለ፥ በ1838 በቦምቤይ የጉዞውን ታሪክ፥ በ1840 ደግሞ በለንደን የሥዕሎቹን መድበል አሳተመ።

ፈቃዱ ሲያልቅ ወደ ሕንድ ተመልሶ እንደገና በወረቀት ሥራ ተጠመደ። ጊዜው ግን የሚረዳው ሆነ። እንግሊዞች በጥር 1839 ኤደንን ይዘው ስለ ነበር ከቀይ ባሕር ማዶ ያለው አገር ያሳስባቸው ጀመር፤ በዚያው ዓመት ሮሼ ዴሪኩር የተባለው ፈረንሳዊ ሸዋ ገብቶ ነበር፤ ከ1813 ጀምሮ ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴም የጦር መሣሪያና የእጅ ጥበብ ከባሕር ማዶ ማግኘት ይፈልጉ ነበር። በዚህ ምክንያት የቦምቤይ መንግሥት መልእክተኛ ሲመርጥ፥ አፍሪቃን አይቶ በሕይወት የተመለሰውንና ብዕርም የያዘውን መሐንዲስ መረጠ። እንዲህ ሆኖ የሥራ ሰዓት ሕልም ራሱ የሥራ ትእዛዝ ሆነ። ይህ ዓይነት ዕድል በዓለም ላይ ለጥቂት ሰው ብቻ ይገጥማል፤ አደጋውም እዚያው ላይ ነው።

ልዑካኑ በ1841 ከቦምቤይ ተነሥተው ታጁራ ወረዱ። ከእነርሱ ጋር ለንጉሡ የሚሰጡ 300 ጠመንጃዎችና ሁለት መድፎች ነበሩ። ከባሕር ጠለል 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በሚገኘው በአሳል ሐይቅ አጠገብ አልፈው፥ በመንገድም ሦስት ሰዎቻቸው ሌሊት በተኙበት ተገድለውባቸው፥ ስድስት ሳምንት ያህል በአፋር ምድር ከተጓዙ በኋላ በሐምሌ ወር ፋሬ ደረሱ። ፋሬ ያን ጊዜ የሸዋ መግቢያ በር ናት፤ ግመል ሸክሙን እዚያ ያራግፋል፥ ከዚያ ወዲያ ያለውን ዳገት የሚችለው በቅሎ፥ አህያና የሰው ትከሻ ብቻ ነውና። መንገዱ ከፋሬ ወደ አልዩ አምባ ገበያ፥ ከአልዩ አምባም በገደሉ ላይ እየተጠማዘዘ ወደ አንኮበር ይወጣል። ሃሪስ «የኢትዮጵያ ከፍተኛ ምድር» ብሎ በ1844 ካሳተማቸው ሦስት ቅጾች ውስጥ የመጀመሪያው በአመዛኙ ይህንኑ ጉዞ የሚተርክ ነው። የመጽሐፉ ስም ስለ ደጋ ይናገራል፤ ብዕሩ የሚፈታው ግን በቆላው ነው።

አንኮበር ሲደርስ ክረምት ነበረ። መልእክተኛው በጭጋግ ውስጥ ቁጭ ብሎ የንጉሡን ፈቃድ መጠበቅ ያዘ። ሣህለ ሥላሴ እንግዶቻቸውን በክብር የሚያስተናግዱ፥ ነገር ግን ያለ ፈቃዳቸው የትም እንዲሄዱ የማይወድዱ ብልህ ገዢ ነበሩ። በካንዴሽ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ምድረ በዳ ሲመኝ የኖረው ሰው፥ ምድረ በዳውን አቋርጦ መጥቶ በአንኮበር እንደገና ደጅ ጠኚ ሆነ። ከአንኮበር አፋፍ ላይ በስተ ምሥራቅ የሚታየው ደግሞ ያው የይፋት ቆላ ነው፤ ሰማዩ ሲጠራ እስከ አዋሽ ሜዳ ድረስ ዓይንን የሚወስድ ነገር የለም።

በዚያን ዘመን ያንን ቆላ ከመኖሪያቸው ሆነው ሊደርሱበት የማይችሉ ሌሎች ሰዎችም ነበሩ። በይፋት ሰንተረር ላይ በጎንጮ የመንግሥት ግዞት ቤት ነበረ፤ በሸዋ ደንብ መሠረት ዘውድ ሊሹ ይችላሉ ተብለው የሚፈሩት የንጉሡ ወንድ ዘመዶች በዚያ ይታሰራሉ። ጠባቂያቸው የቆላው ገዢ ወላስማ ሙሐመድ ነበሩ። እስረኞቹ ዘመናቸውን በእጅ ሥራ ያሳልፉ እንደ ነበር ሃሪስ ጽፏል። ንጉሡ ታመው በነበረ ጊዜ እንዲፈቱ ከተደረገው ምክርና ልመና አንዱ የእርሱ መሆኑንም ይተርካል፤ የተፈቱበት ቀን አተራረኩ ከመጽሐፉ ሁሉ ከልብ የወጣ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የታሰረ ሰው ስለ ሜዳ የሚያስበውን ሃሪስ በመጠኑም ቢሆን ያውቀዋል። (ዛሬም ሸዋ ሮቢት ሲባል ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ማረሚያ ቤቷን መሆኑ፥ የይፋት ቆላ ከዚህ ነገር ፈጽሞ እንዳልተላቀቀ ያሳያል።)

መልእክተኛው ከመሐንዲስነቱም ለንጉሡ አካፍሏል። መድፎቹን አስተኩሶ አሳይቷል፤ ከንጉሡ መኖሪያዎች በአንዱም ጎቲክ በሚባለው በእንግሊዞች የጥንት አሠራር አንድ አዳራሽ አሠርቷል። ንጉሡ ጥበብ የሚወድዱ ነበሩና ተደሰቱበት። ኅዳር ላይ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ኖቬምበር 16 ቀን 1841፥ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። 16 አንቀጾች ያሉት ይህ ውል በወረቀት ላይ ሲታይ የተሟላ ነው፤ ነጋዴው በነፃ እንዲመላለስ፥ ንብረቱ እንዲጠበቅ ያዝዛል። ልዑካኑ በ1843 ሸዋን ለቅቀው ሲሄዱ ግን ከውሉ የተጠበቀው ንግድ አልተከተለም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም።

የውሉ አለመሥራት ብዙ ምክንያት አለው። የመሐንዲስ ዓይን ግን ወዲያው የሚያርፈው በአንዱ ላይ ነው። የንግድ ውል የተዋዋለው መልእክተኛ መሐንዲስ ነበረ፤ ከፋሬ እስከ አንኮበር ያለውን ዳገት በእግሩና በበቅሎ ያውቀዋል፤ ሸክሙ በፋሬ ከግመል ወርዶ በሰው ትከሻ ሲወጣ አይቷል። አዳራሽ ተሠራ፤ መንገድ ግን አልተሠራም። ለዚህ ሃሪስን ብቻውን መውቀስ አይገባም፥ ንጉሡም ወደ ደጃቸው የሚያመጣ ሰፊ መንገድ ይፈልጉ ነበር ለማለት ያስቸግራልና። ቢሆንም መጽሐፉን የሚያነብ ሰው የሚያስተውለው ነገር አለ፤ ስለ ገደሉ ግርማ፥ ስለ ጫካውና ስለ አውሬው ገጾች ሲሞሉ፥ ያንኑ ገደል ሸክም እንዴት እንደሚወጣው የሚናገረው ክፍል አጭርና ምሬት የበዛበት ነው። ወጣገባው ለዓይኑ ውብ ነበረ፤ ውብ የሆነን ነገር ደግሞ ማንም ለመደልደል አይቸኩልም።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ጉድለት አለ። ይፋት ለሃሪስ የዱር ምድር ነበረ። ይፋት ግን ዱር አልነበረም። በ1285 ገደማ የወላስማ ሥርወ መንግሥት የጥንቱን የሸዋ ሡልጣኔት ድል አድርጎ በዚህ ቆላ ነገሠ፤ ከዘይላ የሚመጣው የንግድ መሥመር በእጁ ነበረ። በ1340ዎቹ በካይሮ ተቀምጦ የጻፈው አል ዑመሪ፥ ነጋዴዎችን ጠይቆ ስለ ይፋት ብዙ መዝግቧል፤ ጤፉንና ስንዴውን፥ ሙዙንና ሎሚውን፥ ቅጠሉ የሚበላውን ጫትን ሳይቀር ይጠቅሳል። ዐፄ ዓምደ ጽዮን በ1332 የዘመቱት በዚሁ መንግሥት ላይ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የወላስማዎቹ ዋና ኀይል ወደ ምሥራቅ፥ ወደ አዳል ቢሸሽም ስሙ በአገሩ ቀረ። በፋሬ በር ላይ ቆመው ሃሪስን ያስቸገሩት፥ እርሱም በመጽሐፉ በክፉ ቀለም የሣላቸው ወላስማ ሙሐመድ የዚህ ስም ወራሽ ነበሩ። መልእክተኛው ከአምስት መቶ ዓመት ታሪክ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ስለ ቀረጥ ሲጨቃጨቅ፥ ያየው አንድ እምቢተኛ የጠረፍ ሹም ብቻ ነው።

የይፋት ከተሞች ፍርስራሽ ከሃሪስ መንገድ ራቅ ብሎ በሰሜን በኩል፥ በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ባሉት ሰንተረሮች ላይ ይገኛል። አስበሪ፥ መሳል፥ ኖራ የሚባሉት ቦታዎች በግራርና በቁልቋል የተዋጡ የድንጋይ ግንቦች ናቸው፤ መስጊዶች፥ መኖሪያ ቤቶች፥ የውሃ ማጠራቀሚያዎችና የመቃብር ስፍራዎች አሉባቸው። የአካባቢው ሕዝብ «አርላ» የሚላቸው የጥንት ሰዎች ሥራ እንደሆኑ ይናገር ነበር። ከ2000 በኋላ ፋቬልና ሂርሽ የተባሉት የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ቦታዎቹን መርምረው የመካከለኛው ዘመን ይፋት ከተሞች መሆናቸውን ለዓለም አስታወቁ። ከመኪና መስኮት ሲታይ ያው ሰንተረር ቁጥቋጦ የለበሰ ኮረብታ እንጂ ሌላ አይመስልም። ለሽርሽር የሚጓጓ ዓይን የሚፈልገውም ይህንኑ ቁጥቋጦ ነው።

በሃሪስ ዘመን ይህን ቆላ በሌላ ዓይን ያየ ሰው አልጠፋም። ቻርልስ ጆንስተን የሚባል የመርከብ ሐኪም በ1842 በዚያው በአፋር መንገድ መጣ። ከሃሪስ ጓዶች ጋር ሳይስማማ ቀርቶ፥ ወደፊት ለመጓዝም ፈቃድ ስላጣ፥ ለብዙ ወራት በአልዩ አምባ ቤት ይዞ ተቀመጠ። ንዳድ እያንቀጠቀጠው፥ ከጎረቤቶቹ ጋር ቡና እየጠጣ፥ አማርኛ እየተማረ፥ ቤቱ እንዴት እንደሚሠራ፥ ጥጡ እንዴት እንደሚፈተል፥ አሞሌው በገበያ እንዴት እንደሚመነዘር ጻፈ። ጫካና አውሬ ብዙም አልገጠመውም። እርሱ ባየው ይፋት ውስጥ አርጎባው ሸማኔና ነጋዴ፥ አፋሩ ባለ ግመል፥ ደገኛው ገብስ ሻጭ አለ፤ ለሽያጭ የሚነዱ ባሮችም አሉ፥ የባሪያ ገበያው ከአልዩ አምባ አጠገብ በአብዱል ረሱል ይቆም ነበርና። ለእነዚህ ሁሉ ከቤት ውጭ መዋል ሕልም ሳይሆን የቀን ሥራ ነው። ፀሐዩን የሚመኘው ማንም አልነበረም፤ ጥላውን ግን ሁሉም ይመኘዋል። በአጻጻፍ ጌጥ ጆንስተን ሃሪስን አያክለውም፤ በ1842 በይፋት ስለ ኖረው ሰው ለማወቅ የሚፈልግ ግን አስቀድሞ የእርሱን መጽሐፍ ቢከፍት ይሻለዋል።

ይህ ሁሉ ተብሎ ሃሪስን ማቅለል ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የሜዳ ናፍቆቱ ሌሎች ሰዎችንም አብሮ ይዟቸው መጥቷል። ከልዑካኑ መካከል የተፈጥሮ ተመራማሪው ሮትና ሠዓሊው በርናትስ ነበሩ፤ ሁለቱም ጀርመናውያን ናቸው። በርናትስ በ1852 ያሳተመው የሥዕል መድበል አንዱ ክፍል የአፋርን ቆላ፥ ሁለተኛው የሸዋን ደጋ የሚያሳይ ሲሆን፥ ከፎቶግራፍ በፊት የነበረውን ሸዋ ለማየት ዛሬ የሚጠቀሙበት ብዙ ናቸው። ቢሮውን የሚወድ፥ ወረቀቱን ብቻ የሚያይ መልእክተኛ ተልኮ ቢሆን ኖሮ ውሉ ያው ውል ሆኖ ይቀር ነበር፤ ሥዕሉና የእንስሳቱ መዝገብ ግን አይኖሩም ነበር። የዱር አራዊቱን ዛሬ በዚያ ቆላ ፈልጎ የማያገኝ ሰው፥ ምን እንደ ነበረና ምን እንደ ጠፋ የሚያመዛዝነው በእንደነዚህ ያሉት ጽሑፎች ነው። ከጠፉበት ምክንያቶች አንዱ ደግሞ እንደ ሃሪስ ያሉት አዳኞች ጠመንጃ መሆኑ አይካድም።

መንገዱ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ መጣ፤ የመጣውም በፋሬ በኩል አልነበረም። የጂቡቲ ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ የአልዩ አምባ ገበያ ሞገሱን አጣ። ጣልያኖች ከ1936 በኋላ የአዲስ አበባ–ደሴን መንገድ ሲሠሩ የጣርማ በርን ተራራ በ587 ሜትር ዋሻ ወጉት፤ ከዋሻው በታች ባለው ቆላ መኪና ማቆሚያ፥ ሻይ ቤትና መጋዘን እየበዛ ሄደ፥ ሸዋ ሮቢትም ከተማ ሆነች። ከዚያ ወዲህ ድልድይ፥ የመስኖ ቦይ፥ የትምባሆ እርሻ እያለ በየዘመኑ መሐንዲስ ይመላለስባታል።

ሃሪስ በ1844 የባላባትነት ማዕረግ ተሰጥቶት «ሰር» ተባለ፤ ሦስቱን ቅጾች አሳተመ፤ ከዚያም ወደ ሕንድ ተመልሶ በዳርዋርና በፑና የመሐንዲስነት ሥራውን ያዘ። ወደ አፍሪቃ አልተመለሰም። በ1848 የሰሜን ክፍለ አገር ዋና ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ሆኖ ተሾመና፥ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ከፑና አቅራቢያ ለብዙ ጊዜ ሲያሠቃየው በቆየ ንዳድ፥ በ41 ዓመቱ ሥራው ላይ እንዳለ ሞተ። ሣህለ ሥላሴ ከእርሱ አንድ ዓመት ቀድመው አርፈው ነበር፤ ውሉም በሁለቱም ወገን የሚያስታውሰው አልነበረም። በእንስሳት ጥናት መጻሕፍት ውስጥ ግን፥ ያ ቀንደ ጎራዴ ጥቁር እንስሳ በሚመዘገብበት ሁሉ፥ ከስሙ ቀጥሎ በትንሽ ፊደል «ሃሪስ፥ 1838» ተብሎ ይጻፋል።